ወደ ባሌ ልትሄዱ ነው? መኪናው ቶሎ ይደርሳል፣ ሰውነታችን ግን ይዘገያል

 

ሰሞኑን በኢንቦክስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱ ደጋግሞ ይመጣል። "ዶክተር፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዘን ባሌ ልንሄድ ነው፤ ምን መድኃኒት እንያዝ?" ይላል። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እንግዳ ሲመጣ ላሊበላና ጎንደር፣ ቢበዛ ሐዋሳና አርባ ምንጭ እንወስዳለን እንጂ ባሌን ብዙዎቻችን የምናውቀው በስሙ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግን ጠያቂው በዝቷል።

ለዚህ ጥያቄ በሁለት መስመር መመለስ እችል ነበር። ግን እኔ ራሴ ባሌ ላይ የሠራሁትን ስህተት ሳልነግራችሁ ብመክራችሁ ሐቀኛ አልሆንም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ወንድም ጋሼ እና የሳነቴ ሌሊት

ታላቅ ወንድሜ ከቨርጂኒያ የመጣው ከ11 ዓመት በኋላ ነበር። 58 ዓመቱ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ ከዚያ ውጪ ጤነኛ ነው። ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ገባ። ዓርብ ዘመድ ሲጠይቅ ዋለ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል እኔ፣ እሱ፣ የእህታችን ልጅና ሾፌራችን ሆነን መንገድ ጀመርን። ማታ ሮቤ አደርን። እሑድ ጠዋት በጎባ በኩል ሳነቴ አምባ ላይ ወጣን።

ውበቱን በቃል መግለጽ ይከብዳል። ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮዋ ከመኪናችን ብዙ ሳትርቅ ፍልፈል ስታድን አየናት። ወንድም ጋሼ እንደ ሕፃን ሆነ። "እዚሁ ድንኳን ጥለን እንደር" አለ። እኔም እሺ አልኩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ማታ ራሴን አመመኝ አለ። ፓራሲታሞል ሰጠሁት። እኩለ ሌሊት ላይ አስታወከ። "የበላነው ጥብስ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ግፊቱ ነው" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሊነጋ ሲል ለመሽናት ከድንኳኑ ሲወጣ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። የአካባቢው አስጎብኚያችን አይቶት ወደ እኔ ዞረና፣ "ዶክተር፣ ይሄ የከፍታ በሽታ ነው። ቁርስ አያስፈልግም፤ አሁኑኑ እናውርዳቸው" አለኝ።

አፈርኩ። ወንድሜን ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገጣጠመ እንዲራመድ ጠየቅሁት። አራተኛው እርምጃ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። ይህ ማለት ሕመሙ ተራ ራስ ምታት መሆኑ ቀርቶ ወደ አንጎል እብጠት እየሄደ ነበር። ዕቃውን እንኳ ሳንሰበስብ ወደ ጎባ ወረድን። ሆስፒታል ኦክስጅንና መድኃኒት ተሰጠው፤ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ሻይ ጠጣ። "አንተ ዶክተር ነኝ ትላለህ፣ ያዳነኝ ግን አስጎብኚው ነው" እያለ እስከ ዛሬ ይቀልድብኛል። እኔ ግን እንደ ቀልድ አልወስደውም። ሌላ አንድ ሌሊት እዚያ ብናድር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ባሌ ለምን ይለያል?

እነዚህን ቁጥሮች ተመልከቱ (ሁሉም ከባሕር ጠለል በላይ፣ በግምት ናቸው)፦

👉 አዲስ አበባ፦ 2,400 ሜትር
👉 ሮቤ፦ 2,500 ሜትር
👉 ጎባ፦ 2,700 ሜትር
👉 ዲንሾ (የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት)፦ 3,100 ሜትር
👉 ሳነቴ አምባ፦ 4,000 ሜትር
👉 ቱሉ ዲምቱ (የተራሮቹ ጫፍ)፦ 4,377 ሜትር
👉 ዶሎ መና (ከሐረና ጫካ በታች)፦ 1,300 ሜትር

ከጎባ ተነስታችሁ ሳነቴን አቋርጣችሁ፣ በሐረና ጫካ ወርዳችሁ ዶሎ መና የምትደርሱት በአንድ ቀን ነው። ማለትም ጠዋት ውርጭ፣ ከሰዓት የወባ አገር! መኪናው ይህን ይችላል። ሳንባችን፣ አንጎላችንና ደማችን ግን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋሉ። የዛሬው ምክሬ ሁሉ ከዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ነው የሚነሳው።

1. ከፍታው፦ ከፍ ብላችሁ ዋሉ፣ ዝቅ ብላችሁ እደሩ

4,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ40 ከመቶ ገደማ ያንሳል። አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች በመጠኑም ቢሆን ለምደነዋል። ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከጅዳ የመጣ ዘመዳችን ግን ሰውነቱ የሚያውቀው የዝቅተኛ ቦታ አየር ነው። "ሐበሻ ነው፣ ተራራ ለምዷል" አይሠራም። ልምዱ ቆላ ቦታ ስንቆይ ይጠፋል።

እንዲህ አድርጉ፦

👉 ከውጭ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ። ከዚያ ሮቤ ወይም ጎባ ሁለት ሌሊት ይደር።
👉 ሳነቴን ቀን ጎብኝታችሁ ማታ ወደ ጎባ ተመለሱ። ድንኳን ጥላችሁ ማደር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዲንሾ አካባቢ ልመዱ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል።
👉 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አልኮል አትጠጡ። ብርዱን በአረቄ እንመክታለን የምትሉ፣ አረቄ ሰውነትን ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም፤ ትንፋሽንም ያዳክማል። የእንቅልፍ ክኒንም እንዲሁ።
👉 ውኃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ለፎቶ ብላችሁ አትሩጡ!
👉 አሴታዞላማይድ (ዳያሞክስ) የሚባል ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ የሚያግዝ መድኃኒት አለ። የሚጀመረው ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ነው። የሰልፋ አለርጂ ያለበት፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይወስደው።

ምልክቶቹን በሁለት ክፈሏቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ቀላሎቹ ናቸው። እነዚህ ከታዩ ከዚያ በላይ አትውጡ፤ እረፉ፤ ካልተሻለ ውረዱ።

አደገኞቹ ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ሳል፣ መንገዳገድ፣ መቀባዠር፣ ከንፈር መጥቆር። እነዚህ ከታዩ ሌሊትም ቢሆን፣ ዕቃ ቢቀርም ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። እንደ እኔ "ምግቡ ይሆናል" እያላችሁ አትጠብቁ። ከፍታ ላይ የታመመ ሰው ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ያመመው ከፍታው ነው ብላችሁ ያዙት። ሕፃናት ራስ ምታታቸውን በአፍ አይነግሩንም። ከተነጫነጩ፣ መብላትና መጫወት ካቆሙ አውርዷቸው።

2. ብርዱ፣ ፀሐዩ እና ከሰሉ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ደረቅ ስለሆኑ ለጉብኝት ይመረጣሉ። ግን በእነዚሁ ወራት ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ውሸት ነው። ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያዙ። ለሌሊት ደግሞ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢማ ያው የማይቀር ነው!

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ ወይም የተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ተኝቶ እንደወጣ ይቀራል። ምልክቱም ራስ ምታትና ማስታወክ ስለሆነ ከከፍታ በሽታ ጋር ይምታታል። ሙቀት ካስፈለገ ውኃ አፍልታችሁ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና በካልሲ ጠቅልላችሁ ታቀፉት። ይሠራል፣ ሞክሩት።

3. ቆላው፦ ትኩሳቱ ቤት ከገባችሁ በኋላ ይመጣል

ወንድም ጋሼ ካገገመ በኋላ ወደ ሳነቴ መመለስ አልተፈቀደለትም (ይህን ጊዜ ዶክተርነቴ ትዝ አለኝ!)። ስለዚህ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሄድን። የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ፈልፍሎ የሠራው፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው የሚባል ድንቅ ዋሻ ነው። ቦታው በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ የተከበረ ስለሆነ በአለባበስም በአነጋገርም ጨዋ ሁኑ። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ያለ አካባቢው ሰው አትግቡ። የሌሊት ወፍ ኩስ አቧራ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፤ በተለይ አስም ያለባችሁ።

ቦታው ቆላ ነው። ያን ማታ የእህቴ ልጅ በቁምጣ ወንዙ ዳር ተቀምጦ ጊታሩን ሲጫወት አመሸ። 20 ዓመቱ ነው፤ ማን ይናገረዋል? እኔም ሐሳቤ ሁሉ ወንድሜ ላይ ስለነበር አጎበር አላሰብኩም።

አዲስ አበባ ከተመለስን በ12ኛው ቀን አተኮሰው። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ሄደ። ደም ሰጠ፤ "ታይፎይድ ነው" ተባለና መርፌ ተጀመረለት። በሦስተኛው ቀን እህቴ እያለቀሰች ደወለች፤ ልጁ መቆም አቅቶታል። "ባሌ እንደነበረ ነግሯቸዋል?" አልኳት። "ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም" አለች። ወዲያው የወባ ምርመራ ተደረገለት። ውጤቱ ፖዘቲቭ፣ ያውም ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ ዓይነት! ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ክሊኒኩን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለማይስማማው ወባ እዚህ አይያዝም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ቶሎ ትዝ ላይለው ይችላል። ታይፎይድ ለማየት የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ደግሞ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በዚህ መሃል መረጃውን ይዞ የነበረው ታማሚው ነው።

ስለዚህ፦

👉 ከ2,000 ሜትር በታች የምታድሩ ከሆነ (ዶሎ መና፣ ሶፍ ዑመር አካባቢ) አጎበር፣ እጅጌ ረጅም ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።
👉 የወባ መከላከያ ክኒን ስለመውሰድ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። በተለይ ከውጭ የመጡ ሰዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ለወባ ምንም የመከላከል አቅም የለውም።
👉 ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ወባ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል።
👉 ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም "ቆላ ነበርኩ" ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። ቨርጂኒያ ወይም ፍራንክፈርት ተመልሳችሁም ቢሆን!

4. ውሻና ቀይ ቀበሮ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይገኝም። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 በታች ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ከሚጨርሷቸው ነገሮች አንዱ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለቀበሮዎቹም ምግብ አትወርውሩ።

ለእናንተስ? የእረኞቹ ውሾች ከብት ጠባቂዎች ናቸው፤ አትጠጓቸው። ውሻ ወይም ማንኛውም አውሬ ከነከሳችሁ፣ ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱና ክትባት ጀምሩ። "አዲስ አበባ ስገባ እታያለሁ" አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል።

5. ወተት፣ ማር እና ውኃ

የባሌ ሰው እንግዳ ሲያይ ወተት ያቀርባል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል፣ አውቃለሁ። ያልፈላ ወተት ግን ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። በትህትና "አፍልታችሁ ስጡኝ" ብትሉ ማንም አይቀየምም። እኔ "ሐኪም ከልክሎኛል" ነው የምለው፤ ውሸትም አይደለም!

የሐረና ጫካ ማር እውነተኛ ማር ነው፤ ገዝታችሁ ኑ። ግን ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጠብታ እንኳ እንዳታቀምሱ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ተህዋስ የሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያሽመደምድ ሕመም ያመጣል።

ውኃ ደግሞ ከፍታ ላይ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ከፈላ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።

6. መንገዱ

ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻሸመኔ ወይም በአሰላ መሄድ ይቻላል፤ ሁለቱም ዶዶላ ላይ ይገናኛሉ። በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ ተራመዱ፤ እግር ታጥፎ ሲውል ደም ሊረጋ ይችላል፤ በተለይ ከረጅም በረራ ላይ ለወረደ ሰው። ሌሊት አትንዱ። የኋላ ወንበርም ላይ ቢሆን ቀበቶ እሰሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ጠይቁ። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ሞልታችሁ ውጡ፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የፓርክ መግቢያ ክፍያና አስጎብኚ ዲንሾ ላይ ታገኛላችሁ። አስጎብኚ ላይ ብር አትቆጥቡ። ምክንያቱን ከላይ አንብባችኋል።

7. መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች

👉 የደም ግፊት፦ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ከፍታ ላይ ግፊት ሊጨምር ስለሚችል መለኪያ ያዙ።
👉 ስኳር፦ ኢንሱሊን ውርጭ ከነካው ይበላሻል፤ ቆላ ላይም ሙቀት ያበላሸዋል። ሌሊት ሳነቴ ላይ ልብሳችሁ ውስጥ አስጠግታችሁ ያዙት፤ ቆላ ላይ በማቀዝቀዣ ቦርሳ። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አትጠቀሙበት።
👉 አስም፦ የሚነፋውን መድኃኒት ኪሳችሁ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።
👉 የልብ ሕመም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ወይም እርግዝና ያላችሁ፦ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ሳነቴ አትውጡ። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል፤ ሳነቴ ሳይወጣም ባሌ ይጎበኛል።

8. ቦርሳችሁ ውስጥ

ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ሳሙና፣ ቴርሞሜትር፣ የትንኝ ቅባት፣ አጎበር፣ የፀሐይ ክሬም፣ ባትሪ፣ ማስክ እና የየዕለት መድኃኒታችሁ ከሁለት ቀን ትርፍ ጋር። ጎባና ሮቤ ሆስፒታል አላቸው፤ ከሳነቴ ስትወርዱ የሚቀርባችሁ የጎባው ነው። የአስጎብኚውንና የሾፌሩን ስልክ ሁላችሁም መዝግቡ።

በመጨረሻም…

ወንድም ጋሼ ዘንድሮም ሊመጣ ነው። "ባሌን ሳልጨርሰው ነው ያወረዳችሁኝ" ይላል። በዚህኛው ጉዞ ከአዲስ አበባ የምንነሳው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ጎባ ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ ሳነቴን ቀን አይተን ማታ እንወርዳለን። የእህቴ ልጅም ይመጣል፤ አጎበሩን ራሱ ገዝቶ አሳይቶኛል። አስጎብኚያችን ደግሞ ያው የድሮው ነው። ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ "ዶክተር፣ ጋሼ ደህና ናቸው?" ብሎ ነው።

ከውጭ ዘመድ የሚጠብቅ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስትጠይቁ የሚሄደው ሰው ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አብራችሁ ንገሩኝ።

መልካም ጉዞ! ጤና ይስጥልን።